እጅ ከመነሳቱ በፊት ስላለችው ደቂቃ፦ የወላጅነት ዘመቻ ለሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ስለ ሕፃናት ደኅንነትና ስለ ልጅ አስተዳደግ የሕዝብ ዘመቻ ለምታቅዱ፣ ለምታጸድቁና በጀት ለምትመድቡ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በልጆች ላይ የሚደርሰውን በደል ለመከላከል የሚካሄዱ ዘመቻዎች ወላጁ ምን ማድረግ እንዳለበት በተግባር እንዲያሳዩ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የሁለት ልጆች አባት እንደመሆኔና ለስድስት ዓመታት ያህል በየሳምንቱ አንድ ምሽት ከወላጆች ጋር ተቀምጬ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሳወያይ እንደቆየ ሰው ነው። ልጆች እንዳይመቱ፣ እንዳይዋረዱ፣ ችላ እንዳይባሉ የምትደክሙትን ድካም ከልቤ አከብራለሁ። የምጽፈው ዘመቻዎቻችሁ ብዙ ጊዜ ለማሳመን የሚደክሙት ቀድሞውኑ ያመነውን ወላጅ መሆኑን ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ይህ ወላጅ ልጅ መምታት መጥፎ መሆኑን ያውቃል፤ ልጁ አልታዘዝ ባለው ሰዓት በመምታት ፈንታ ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አልነገረውም።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መረጃ መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል ከ10ሩ 6ቱ ገደማ፣ ማለትም ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ በገዛ ቤታቸው አካላዊ ቅጣት ወይም እንደ ጩኸትና ስድብ ያለ የሥነ ልቦና ጥቃት በተደጋጋሚ ይደርስባቸዋል፤ ከእነዚህም 330 ሚሊዮን ያህሉ በአካል የሚቀጡ ናቸው። በዚያው መረጃ ላይ ልጅን በአግባቡ ለማሳደግ አካላዊ ቅጣት ያስፈልጋል ያሉት እናቶችና ዋና አሳዳጊዎች ግን ከ4ቱ ከአንድ ከፍ የሚሉ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ አንደኛው በቤቱ ውስጥ የሚደረገውን ሁሉ ይቆጥራል፣ ሌላኛው የአንድን አሳዳጊ እምነት ይጠይቃል። ቢሆንም በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በእምነት ማነስ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። በዚያ ርቀት ውስጥ ሳያምኑበት የሚመቱ፣ መትተውም ሌሊቱን ሲጸጸቱ የሚያድሩ እጅግ ብዙ ወላጆች አሉ። እኔ በየሳምንቱ የማገኛቸው እነዚህን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንሰበሰብበት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የዘመቻ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። ፊቱ የበለዘ፣ አንድ ዓይኑ ያበጠ ሕፃን ቀጥ ብሎ ይመለከታል፤ ከሥሩ ልጆችን መምታት ይቁም የሚል ጽሑፍ አለ። አንድ አባት ኮቱን ሳያወልቅ ፊት ለፊቱ ቆሞ ለረዥም ጊዜ ሲያየው ቆየና «ይህን ያደረገ ሰው፣ ሰው አይባልም» አለኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያሳለፍነውን ጠዋት በየተራ ስንናገር፣ ያው አባት የ4 ዓመት ልጁን ጫማ አላደርግም ብላ ስላስቸገረችው በጥፊ እንደመታት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። በእሱ አእምሮ ውስጥ ግድግዳው ላይ ያለው ሕፃንና የራሱ ልጅ ፈጽሞ አይገናኙም ነበር። እንዲህ ያለው ሥዕል የሚታየው ወላጅ ሁሉ ጥፋቱን ከእሱ እጅግ ለከፋ ሌላ ሰው ሰጥቶ፣ እፎይ ብሎ ያልፋል። በዚያ ላይ የተጎዳ ልጅን ፊት ለአደባባይ ማውጣት ለልጁ ክብር የሚበጅ ነገር አይደለም፤ ተመሳሳይ ጉዳት ደርሶበት በዚያ ሥዕል ሥር የሚያልፈውን ልጅም ስለማሰባችሁ እርግጠኛ አይደለሁም።

ያን አባት የረዳው ሌላ ነገር ነው። ጠዋቱን ከመጀመሪያው አንሥቶ እንዲያሳየን ጠየቅነው፤ አንዲት እናት እንደ ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ፣ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ፣ ስልኩን እያየ «ጫማ! ስንቴ ልንገርሽ?» ይላል። እናቲቱ ቀና ብላ «ከታች ሆኜ ስሰማው ምን እንዳደርግ እንደፈለግህ አልገባኝም፤ የገባኝ መቆጣትህ ብቻ ነው» አለችው። ዝም አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ሲመጣ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ከልጁ ፊት ተንበርክኮ፣ ዓይኗን እያየ «ቀኝ እግርሽን ስጪኝ» እንዳላት፣ እሷም እንደሰጠችው ነገረን። ግራውን ራሷ እንድትሞክር ተወላት፤ ስታጠልቀውም «ጫማሽን ራስሽ አደረግሽ» አላት። ማክሰኞ ዕለት ግን ይህ ሁሉ አልሠራም። ልጅቷ ጫማውን ወረወረች፣ እሱም ቁጣው ሲመጣ ስለታወቀው ከበሩ ውጭ ወጥቶ እስኪረጋጋ ቆሞ ተመለሰ። ስለዚያች ማክሰኞ ሲናገር ፊቱ ላይ ያየሁት ኩራት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ሁሉ የታወቀና የተጠና ነገር ነው። ለልጁ ዕድሜ የሚመጥን አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መስጠት፣ አታድርግ ከማለት ይልቅ ምን እንደሚያደርግ መንገር፣ በጎ ያደረገውን በስሙ ጠርቶ ማመስገን፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻ መጫወት፣ ቁጣ ሲመጣ መራቅ፤ በየአገሩ የተፈተኑት የወላጅነት ሥልጠናዎች የሚያስተምሩት በአብዛኛው እነዚህኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከአጋሮቹ ጋር በልጆች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ለመከላከል ካወጣቸው 7 ስልቶች አንዱ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ድጋፍ መስጠት ነበር፤ በ2023 ደግሞ ከተወለዱበት ቀን እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ስላሏቸው ወላጆች ራሱን የቻለ መመሪያ አውጥቷል። በ2020 ወረርሽኙ ቤተሰቦችን በየቤታቸው በዘጋበት ጊዜ፣ እነዚሁ ምክሮች እያንዳንዳቸው በአንዲት ገጽ ተጠቃለው ከ100 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉመው ተሠራጭተዋል። ስለዚህ በአንድ ገጽ፣ በአንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ወይም በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ወላጅን አንድ ነገር ማስተማር ይቻላል። ያችን ደቂቃ ግን ብዙ ጊዜ የምታሳልፏት ወላጁን በመውቀስ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። የመጀመሪያ ልጄ በተወለደ በስድስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ባለቤቴ ከድካም ብዛት እንቅልፍ ጥሏት፣ እኔ ሕፃኑን ይዤ ከክፍል ክፍል እመላለስ ነበር። ጠግቧል፣ ተቀይሯል፣ ትኩሳት የለውም፤ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ያለቅሳል። በአንድ ወቅት ብብቱ ሥር የያዙት እጆቼ እየጠበቁ መሄዳቸው ታወቀኝ። ያን ጊዜ የነበረኝን ስሜት ዛሬ ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል። ሕፃኑን በጀርባው አልጋው ላይ አስተኛሁት፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥሁ። እሱ ውስጥ ያለቅሳል፣ እኔም ውጭ አለቅሳለሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ገብቼ አነሣሁት። ያን ሌሊት ያደረግሁት ትክክል መሆኑን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ልጁን ትቶ የወጣ ክፉ አባት እንደሆንሁ አምኜ እኖር ነበር።

ማንም ቀድሞ የነገረኝ ነገር አልነበረም። የጤነኛ ሕፃን ልቅሶ ከተወለደ ጥቂት ሳምንታት ጀምሮ እየበረታ ሄዶ ሁለተኛው ወር አካባቢ ጣራ እንደሚነካ፣ ከዚያም እስከ አምስተኛው ወር ድረስ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ አንዳንዱ ልቅሶም ምንም ቢደረግለት እንደማይቆም አላውቅም ነበር። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ፣ የአንገቱ ጡንቻ ደካማ ስለሆነ፣ ለጥቂት ሰከንዶች እንኳ በኃይል መነቅነቅ የደም ሥሮቹን በጥሶ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊያፈስ፣ ዓይነ ስውርነትን፣ የዕድሜ ልክ የአእምሮ ጉዳትን ወይም ሞትን ሊያስከትል እንደሚችልም አላውቅም። ልጁን ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ በጀርባው አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ መራቅ እንደሚቻል፣ እንዲያውም እንዲህ ማድረግ እንደሚገባ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ሆስፒታሉ በር ላይ ቢሰጠኝ ኖሮ ዓመታት ከወሰደብኝ ጸጸት በዳንሁ ነበር።

ይህን ዓረፍተ ነገር በሆስፒታል በር ላይ ለመስጠት የሞከሩ አሉ። በአሜሪካ በምዕራባዊው የኒውዮርክ ክፍል ወላጆች አራስ ልጃቸውን ይዘው ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ነርሶች ሁለቱንም ስለ ልቅሶና ስለ መነቅነቅ ያስተምሩ፣ ወላጆቹም መረዳታቸውን በፊርማ ያረጋግጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ውጤት በመነቅነቅና በመሰል ጥቃት የሚደርሰው የጭንቅላት ጉዳት በ47 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ሥራው ሌላዋን የአሜሪካ ግዛት ፔንስልቬንያን በሙሉ ባዳረሰ ጊዜ ግን፣ በ2017 እንደታተመው፣ ለዚህ ጉዳት ሆስፒታል የሚገቡት ሕፃናት ቁጥር አልቀነሰም። ሁለቱንም አብሬ የማነሣው፣ በአንድ ቦታ የሠራ ነገር ሲስፋፋ ውጤቱ እንዳለ ይከተላል ብላችሁ እንዳትረኩ ነው። በእኔ ግምት አንዲት ነርስ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ የምትናገረው ቃል፣ ሥራው ሲበዛ የቅጽ መሙያ ሆኖ የመቅረት አደጋ አለበት። ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሞላው፣ ወላጁ በተጨባጭ በተቸገረበት ሰዓት፣ ያንኑ ቃል እንደገና የሚሰማበት መንገድም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የማነሣው የቃል ጉዳይ ነው። ልጅን ያለ ዱላና ያለ ስድብ ማሳደግን ዘመቻዎቻችሁ አዎንታዊ ወላጅነት ይሉታል። ይህን ሐረግ ከወላጅ አፍ ሰምቼው አላውቅም፤ ስብሰባ ላይ ሲነገር ወላጆች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ቤታቸው ሲገቡ ግን ይዘውት አይገቡም። ወላጅ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ «ልጄ ስድ አደግ ይሁን ወይ?» ይላል። ካልመታሁት መረን ይወጣል፣ ዛሬ ካልቀጣሁት ነገ እኔኑ ይረግመኛል ብሎ ይፈራል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ሲሰማ አድጓልና። የዚህ ፍርሃት ሥር ፍቅር ነው፤ ልጁ ሌባ፣ ወሮበላ፣ ሰው የሚንቀው እንዳይሆንበት ነው የሚጨነቀው። ይህን ፍርሃት ሳትመልሱ ዱላውን ብቻ ጣል ብትሉት፣ ልጁን ተወው ያላችሁት ይመስለዋል።

መልሱ ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። በተረቱ ውስጥ ያለው ልጅ እናቱን የሚወቅሳት እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ ዝም ስላለችው ነው። ዝም አለማለት ግን መምታት አይደለም። እንቁላሉን አስመልሶ፣ የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን አስረድቶ፣ ይቅርታ አስጠይቆ መመለስ ከአንድ ጥፊ ይልቅ ብዙ ትምህርት አለው፤ ወላጁንም የበለጠ ያደክማል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ የ50 ዓመታት ምርምሮችንና ከ160,000 በላይ ልጆችን ያጠቃለለ ትንተና መቀመጫን በመዳፍ መምታት እንኳ ከልጁ የበለጠ ታዛዥነት ጋር ሳይሆን ከበለጠ ጠበኝነት፣ ከአእምሮ ጤና ችግርና ከወላጅ ጋር ከሚፈጠር መራራቅ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ወላጅ ይህን ሲሰማ ስለ ሰብአዊ መብት አንቀጽ ከሚሰማው ይልቅ ቆም ብሎ ያዳምጣል፤ ምክንያቱም የሚፈራውን ነገር የሚያመጣው እጁ ራሱ መሆኑን እየነገራችሁት ነው።

ይህን ስል ሕግ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 በአንቀጽ 19 መንግሥታት ልጆችን ከማንኛውም ዓይነት ጥቃትና ችላ መባል እንዲጠብቁ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ስዊድን ግን ከዚያ 10 ዓመት ቀድማ፣ በ1979፣ ወላጅ ልጁን እንዳይመታ በሕግ በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። ከሕጉ ይልቅ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የተነገረበት መንገድ ነው። ክልከላው የገባው በወላጆች ሕግ ውስጥ ሲሆን ራሱን የቻለ ቅጣት አልተጻፈበትም። መንግሥት ልጅ ላለው ቤተሰብ ሁሉ አነስተኛ መጽሔት አደለ፤ መልእክቱን ደግሞ ለሁለት ወራት ያህል በወተት ካርቶኖች ላይ አተመው። የወተት ካርቶን ልጅና ወላጅ አብረው በሚቀመጡበት ገበታ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነው፤ ልጁ ማንበብ የሚችል ከሆነ ለወላጁ ያነብለታል። በ1981 ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቤተሰቦች ሕጉን ያውቁት ነበር። አምስት የአውሮፓ አገሮችን፣ ማለትም ስዊድንን፣ ኦስትሪያን፣ ጀርመንን፣ ፈረንሳይንና ስፔይንን ያነጻጸረ ጥናትም ሕጉ ለረዥም ጊዜ ከሚቆይ የማስተዋወቅ ሥራ ጋር ሲጣመር ውጤቱ እንደሚበረታ ደምድሟል። ለረዥም ጊዜ የሚለውን ቃል እንድታሰምሩበት እለምናለሁ፤ ልጅ በየዓመቱ ይወለዳል፣ ዘመቻችሁ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ወር ያልቃል።

ችላ ማለትንም ከመምታት ለይታችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ችላ መባል አካላዊ፣ ሥነ ልቦናዊና ወሲባዊ ጥቃት ከሚቆጠሩበት የበደል ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ከውጭ ሲታይ ድህነትን ይመስላል፣ ድህነትም እሱን ይመስላል። ሌሊት ሥራ ላይ የምታድር እናት ልጇን የምታስጠብቅበት ሰው ስላጣች በማስታወቂያ ብትወቅሷት የምታተርፉት ነገር ከእርዳታ እንድትሸሽ ማድረግ ነው።

ከዘመቻው በስተጀርባ ስላለው ነገር ደግሞ የምለምናችሁ ከሁሉ ይበልጥ አጥብቄ ነው። አንዲት የቡድናችን አባል ከአንድ ማስታወቂያ ላይ ባገኘችው የእርዳታ ስልክ ቁጥር በእኩለ ሌሊት ደውላ፣ በሥራ ሰዓት ይደውሉ የሚል የተቀዳ ድምፅ እንደመለሰላት ነግራናለች። ያን ሌሊት የደወለችው ልጇን እንዳትመታ ስለፈራች ነበር። ጩኸት የሚበረታው ሁሉም ሰው በደከመበት በምሽት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያነሣ ሰው ከሌለ ቁጥሩን ባታትሙት ይሻላል። ልጆችን የደረሰባችሁን ተናገሩ የሚል መልእክት ስታወጡም እንዲሁ፣ ልጁ የተናገረለት መምህር ወይም ነርስ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መሠልጠን አለበት። ጎረቤትም ቢሆን የልጅ ጩኸት ሲሰማ ወይ ዝም ከማለት ወይ ፖሊስ ከመጥራት ሌላ መንገድ እንዳለው ሊነገረው ይገባል፤ በር አንኳኩቶ «ልጁን ለጥቂት ጊዜ ልያዝልህ?» ማለት የሚበቃበት ጊዜ አለ፣ ፖሊስ መጥራት ግዴታ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፣ ልዩነቱንም ማስተማር የእናንተ ሥራ ነው።

አባቶችን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። በእጄ ካሉት የዘመቻ ወረቀቶች በአብዛኞቹ ላይ ያለችው እናት ናት። በዚያ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ የነበርሁትን እኔን የሚመስል ሰው በአንዱም ላይ አልነበረም።

የሥራችሁን ውጤት ስትለኩም የታተመውን ወረቀትና የተላለፈውን ማስታወቂያ ቁጥር ብቻ ለበላይ አካል አታቅርቡ። ዩኒሴፍ በብዙ አገሮች በሚያካሂደው የቤተሰብ ጥናት አሳዳጊዎች ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ልጁን ለማረም ምን እንዳደረጉ በዝርዝር ይጠየቃሉ፤ ጥፋቱን አስረዳችሁት ወይ፣ የሚወደውን ነገር ከለከላችሁት ወይ፣ ጮኻችሁበት ወይ፣ በመዳፍ ወይም በዕቃ መታችሁት ወይ እየተባለ። እነዚህን ጥያቄዎች ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት፣ ካለቀ በኋላና ከዓመት በኋላ ጠይቁ። ያልሠራውን ዘመቻ አልሠራም ብሎ ማሳተም ለሚቀጥለው አዘጋጅ ትልቅ ስጦታ ነው።

በመጨረሻም የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለ። የሚቀጥለውን ዘመቻ ረቂቅ ከማጽደቃችሁ በፊት የወላጆች ቡድን ወደሚሰበሰብበት ምሽት ይዛችሁት ኑና ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ካነበባችሁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠይቋቸው፤ ነገ ጠዋት ልጁ ጫማውን ሲወረውር ይህ ወረቀት ምን አድርጉ አላችሁ? መልስ ካጡ ረቂቁ አላለቀም ማለት ነው፤ እዚያው ተቀምጣችሁ ከእነሱ ጋር እንደገና ልትጽፉት ትችላላችሁ። እኛ ዘንድ ለመምጣት ፈቃደኛ ከሆናችሁ ወንበር እናዘጋጃለን፤ ጫማ የማድረጉን ትያትርም ያ አባት ራሱ እንደሚያሳያችሁ ነግሮኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ አባትና የወላጆች ቡድን አወያይ